የወንድሜ ፕሌስቴሽን 2 ሚሞሪ ካርድ ሳይሞት ፋይሉን እንዴት ላትርፈው?

የቧንቧውሃ_ልጅ | ደሴ | ቅዳሜ፣ ምሽት 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፕሌስቴሽን 2 የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ማሽኑ የታላቅ ወንድሜ ነው፤ እሱ አሁን ጂዳ ነው ያለው። ቀጭኑ ሞዴል ነው፣ ከሥሩ ኤስሲፒኤች-77004 ይላል። የተገለበጠ ሲዲ የሚያጫውተው ቺፕ አልገባበትም። ሲዲዎቹ በሙሉ ኦሪጅናል ናቸው፤ ለእረፍት በመጣ ቁጥር ይዞልን የመጣቸው ናቸው። ሰሞኑን ሚሞሪ ካርዱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ነቅለን ስንሰካው ይመለስ ነበር፤ ትናንት ማታ ግን ቶሎ አልመለስ አለ። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው ብዬ አጥፍቼዋለሁ።

የጨነቀኝ ለጌሙ አይደለም። ወንድሜ ፔስ 6 በሚባለው የኳስ ጌም ላይ አንዱን ክለብ ስሙን ቀይሮ ዋልያዎቹን ሠርቶበታል፤ በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ የሄደውን ቡድን። ሳላዲን ሰይድ፣ ጌታነህ ከበደ፣ ዛምቢያ ላይ ያገባው አዳነ ግርማ፣ ሁሉም አሉ። ቁመታቸው፣ ፀጉራቸው፣ የማሊያው ቀለም ሳይቀር አንድ በአንድ በጆይስቲክ የተሠራ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ ታናናሾቼ በሌላ ቡድን መጫወት አይፈልጉም። በቪዲዮ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቃቸው «ዋልያ ዛሬ አሸነፈ ወይ?» ብሎ ነው።

ሲዲዎቹንም ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንዳንዶቹ ተቧጭረዋል። የቱን ላስቀድም? በምን ላይ ላስቀምጥ? ላፕቶፕ አለኝ፣ ዲቪዲ ማጫወቻም አለው።

---

ሐረጎ_ቁልቁል | ኮምቦልቻ | ቅዳሜ፣ ምሽት 2፡45

አብሽሪ እህቴ። አንዴ ታየ አንዴ ጠፋ ማለት ገና አልሞተም ማለት ነው። ማሽኑን አጥፍተሽ ማስቀመጥሽም ጥሩ ነው።

ሚሞሪ ካርዱ ይቅደም፤ ሲዲው ይቆይ። ምክንያቱን ልንገርሽ። ፔስ 6 ሲዲው ቢሰበር እንኳ ተመሳሳዩ ከሌላ ሰው እጅ ይገኛል፤ ፕሌስቴሽን 2 በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው፣ ሲዲውም እንደዚያው የትም አለ። የወንድምሽ ዋልያ ግን ያለው እዚያች 8 ሜጋባይት ካርድ ላይ ብቻ ነው። ሰው ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሲባል የሚታየው ትልቁ ፋይል ነው፤ አራት ጊጋ የሚይዘውን ጌም ተጨንቆ ይገለብጣል፣ ትንሽ ቦታ ብቻ የሚይዘውን ሴቭ (የሠራሽውና የደረስሽበት የሚቀመጥበትን ፋይል) ይረሳዋል። ቤቴ ለጥገና ከሚመጡት ውስጥ ጌም ጠፋብኝ ብሎ ያዘነ አላየሁም። ሴቭ ጠፋብኝ ብሎ ያለቀሰ ግን አይቻለሁ።

አሁን ይህን አድርጊ። ካርዱን አውጪና የብረት ጥርሶቹን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ በንጹሕ አልኮል ጥቂት ነካ አድርገሽ ጥረጊ፤ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በሁለተኛው ቀዳዳ ሞክሪው። እዚያ ያለ ችግር ከታየ ጥፋቱ የካርዱ ሳይሆን የመጀመሪያው ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ አቧራ ነው ብዙ ጊዜ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ማሽኑ ካርዱን በደንብ ማንበብ ሲያቅተው «ካርዱ ፎርማት አልተደረገም፣ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ ቸኩለው እሺ እንዳይሉ። እሺ ካሉ ዋልያው አበቃለት።

ካርዱ ከታየልሽ ሌላ 8 ሜጋባይት ካርድ ተዋሺ፤ ሶኒ ከሆነ ይመረጣል። 64 እና 128 የሚል የተጻፈባቸው ርካሽ ካርዶች ለዚህ ሥራ አይታመኑም። ሲዲ ሳታስገቢ ማሽኑን አብሪ፣ ብራውዘር የሚለው ውስጥ ግቢ፣ ካርዱን ክፈቺ፣ ፋይሉን መርጠሽ ኮፒ በይው። ይኸው ነው። አንዳንድ ጌሞች ኮፒ አላስደርግም ይላሉ፤ እንደዚያ ካለሽ ተመለሺና ንገሪኝ፣ ሌላ መንገድ አለ።

---

ከሚሴ_ማታ | ከሚሴ | ቅዳሜ፣ ምሽት 3፡20

ሐረጎ ያለው ልክ ነው። የኛ በ2014 ጦርነት ጊዜ ኮምቦልቻ ያለው ቤት ሲዘረፍ ቴሌቪዥኑም ማሽኑም ሚሞሪ ካርዱም አብሮ ሄደ። የአክስቴ ልጅ ሴቩን አስቀድሞ በፍላሽ ይዞ አዲስ አበባ ስለነበር ያ ብቻ ተረፈ። ማሽን ቆይቶ ተገዛ፤ ከስድስት ዓመት በፊት የጀመርነው የፔስ ማስተር ሊግ ውድድር ካቆመበት ቀጠለ። እህቴ፣ ኮፒው ከቤት ውጪ፣ ቢቻል ከከተማ ውጪ ይሁን።

---

የሐይቅ_ዓሣ | ሐይቅ | ቅዳሜ፣ ምሽት 3፡31

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፤ ሚሞሪ ካርዱን እንደ ስልክ ሚሞሪ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ መገልበጥ አይቻልም?

---

መምህር_ወልዲያ | ወልዲያ | ቅዳሜ፣ ምሽት 4፡05

የሐይቁ ልጅ፣ አይቻልም። የፕሌስቴሽን 2 ካርድ አሰካኩም የፋይል አቀማመጡም የራሱ ነው፤ የተለመደው ካርድ ማንበቢያ አይቀበለውም። ስለዚህ ካርዱን የሚያነበው ራሱ ማሽኑ ይሁን፤ እኛ ማሽኑን ወደ ፍላሽ እንዲጽፍልን እናደርገዋለን።

መንገዱ ይህ ነው። ፍሪ ማክቡት የሚባል ፕሮግራም የተጫነበት ሌላ ሚሞሪ ካርድ ያስፈልጋል። ማሽኑ ሲበራ ያንን ካርድ ያነብና የራሱን ምናሌ ያወጣል፤ ቺፕ መበየድ፣ ማሽን መክፈት አያስፈልግም። 77004 ያለ ችግር ይቀበለዋል። ከምናሌው ውስጥ ዩላንች የሚባለውን የፋይል ማስተዳደሪያ መክፈት ነው። እዚያ ውስጥ «ኤምሲ0» ማለት የመጀመሪያው ቀዳዳ ያለው ካርድ፣ «ኤምሲ1» ሁለተኛው፣ «ማስ» ደግሞ ፍላሹ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። የሴቩን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጎ ፍላሹ ላይ ፔስት ይለዋል። ፋይሎቹ ይገለበጣሉ፤ ነገር ግን ፎልደሩ ካርዱ ላይ ሳለ የነበሩት ልዩ ምልክቶችና የተጻፈበት ቀን ፋት32 በሚባለው የፍላሽ ፎርማት ላይ አይቀመጡም። በኋላ ስትመልሺው ጌሙ አላውቀውም ሊል ይችላል። ስለዚህ ኮፒ ካደረግሽ በኋላ አር1ን ተጭነሽ ከምናሌው «ፒኤስዩ ፔስት» የሚለውን ምረጪ። ያኔ ሙሉ ሴቩ ከነምልክቱ በአንድ ፋይል ይታሸጋል። ስትመልሺው ደግሞ ያንኑ ፋይል ኮፒ አድርገሽ ካርዱ ላይ በተመሳሳይ ትእዛዝ መለጠፍ ነው። ብራውዘሩ ኮፒ አላደርግም የሚላቸውንም ሴቮች ዩላንች ይገለብጣቸዋል።

የፔስ ሴቮች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን እወቂ። ስም፣ ፀጉር፣ ማሊያ የተቀየረበት ሁሉ ያለው ኦፕሽን ፋይል በሚባለው ውስጥ ነው። ማስተር ሊግ ለብቻው ነው። ሁለቱንም አውጪ፤ ለዋልያው ወሳኙ ግን ኦፕሽን ፋይሉ ነው።

---

የቧንቧውሃ_ልጅ | ደሴ | እሑድ፣ ከሰዓት 9፡15

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም፤ መምህር፣ እርስዎም እንዲህ ዘርዝረው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ።

ካርዱ ተጠርጎ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ታየ። የጎረቤት ልጅ ካርድ ተውሼ በብራውዘሩ ገለበጥኩት፤ ኦፕሽን ፋይሉ እሺ ብሎ አለፈ። የተዋስኩትን ካርድ ሰክቼ ፔስ ስከፍተው ዋልያዎቹ ሁሉም አሉ። ልጆቹ እልል ነው ያሉት።

ፍሪ ማክቡት ያለው ካርድ ግን ደሴ ላይ ከየት አገኛለሁ? ሲዲዎቹንስ አሁን መጀመር እችላለሁ?

---

ሐረጎ_ቁልቁል | ኮምቦልቻ | እሑድ፣ ከሰዓት 9፡50

ማሻአላህ! አሁን ተረጋግተሽ መሥራት ትችያለሽ።

ፍሪ ማክቡቱን እኔ ካርድ ላይ ጭኜ በሚኒባስ እልክልሻለሁ። ባዶ ካርድ ብቻ አምጪ ወይም ላኪልኝ።

ሲዲውን በተመለከተ፦ ላፕቶፕሽ ዲቪዲ የሚያነብ ከሆነ የፕሌስቴሽን 2ን ዲቪዲ ያነባል። ኢምግበርን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ አይኤስኦ (ሙሉውን ሲዲ በአንድ ፋይል የያዘ ቅጂ) ቀይሪው። የማንበቢያ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጊው፤ የተቧጨረ ሲዲ በፍጥነት ሲነበብ ስህተቱ ይበዛል። የታችኛው ገጻቸው ሰማያዊ የሆኑ ሲዲዎች ካሉሽ እነሱ ዲቪዲ ሳይሆኑ ተራ ሲዲ ናቸው፤ ኢምግበርን በሁለት ፋይል ያወጣቸዋል፣ በኋላ ወደ አይኤስኦ መለወጥ ይኖርብሻል። ሲዲውን ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርገሽ ጥረጊ እንጂ በክብ አትጥረጊው፤ በክብ የተቧጨረ አይነበብም።

የደሴ ክረምት ለሲዲ ጥሩ አይደለም፤ ጉሙና እርጥበቱ ላይ ካርቶን ውስጥ ከተቆለለ ሻጋታ ይይዘዋል። ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምትመጣዋን እርጥበት የምትስብ ትንሽ ከረጢት አትጣያት፣ ከሲዲዎቹ ጋር አስቀምጫት።

---

ባቲ_ሰኞ | ባቲ | እሑድ፣ ምሽት 1፡05

ስለ ፍላሹ ማንም አላነሳም፤ እኔ ልናገር። ከመንገድ ዳር 128 ጊጋ ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ ላይ ምንም ነገር አታስቀምጪ። ውስጡ 8 ወይም 16 ጊጋ ይሆንና ለኮምፒውተሩ 128 ነኝ ብሎ ይዋሻል። ስትገለብጪ ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ስሙም ይታያል፣ መጠኑም ይታያል፤ ስትከፍቺው ግን ባዶ ነው። ብዙ ጓደኞቼ ፎቶ ሳይቀር ያጡት እንዲህ ነው።

ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን እስኪሞላ ድረስ ይጽፍበትና መልሶ ያነበዋል። ሐሰተኛ ከሆነ እውነተኛ መጠኑን ይነግርሻል። ሻጩ እንዲመልስልሽ ተስማምተሽ ግዢና ማታውኑ ፈትሺ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይሁን።

---

ቦርከና_ዳር | ኮምቦልቻ | እሑድ፣ ምሽት 1፡40

ለማጫወት ፍላሽ ለምን አስፈለገ? 77004 እኮ የኔትወርክ ቀዳዳ አብሮት የተሠራ ነው። ጌሞቹን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጠሽ በኬብል ማጫወት ይሻላል። የፕሌስቴሽን 2 ዩኤስቢ 1.1 ነው፤ በወረቀት ላይ እንኳ በሰከንድ 1.5 ሜጋባይት ነው፣ በተግባር ከዚያም ያንሳል። የራሱ ዲቪዲ ማንበቢያ ደግሞ በ4ኤክስ ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ጌሙ የተሠራው ለዚያ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ከፍላሽ ስትጫወቺ መግቢያው ላይ ያለው ቪዲዮ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ኳስ ጌም ላይ ያን ያህል አይታወቅም፤ ታሪክ ያላቸው ጌሞች ላይ ግን ያበሳጫል። ኬብሉ 100 ሜጋቢት ነው፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

---

መምህር_ወልዲያ | ወልዲያ | እሑድ፣ ምሽት 2፡30

ቦርከና፣ ፍጥነቱን በተመለከተ እስማማለሁ። ነገር ግን ጌሙን ከፍላሽ ወይም ከኔትወርክ የሚያጫውተው ፕሮግራም፣ ኦፒኤል፣ በኔትወርክ የሚሠራው ኤስኤምቢ 1 በሚባለው የጥንት ፋይል ማጋሪያ ነው። ዊንዶውስ 10 ከ2017 ወዲህ እርሱን አጥፍቶ ነው የሚመጣው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። በዚያው ዓመት ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ በር ነው። የቤተሰብ ፎቶና የትምህርት ፋይል ያለበት ላፕቶፕ ላይ ይህን ከፍቶ ዋይፋይ ላይ መዋል ትክክል አይደለም። ማድረግ ካለባት ላፕቶፑና ማሽኑ በአንድ ኬብል ብቻ ይገናኙ፣ ዋይፋዩ ይጥፋ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ኤስኤምቢው ይዘጋ።

---

ቦርከና_ዳር | ኮምቦልቻ | እሑድ፣ ምሽት 2፡44

መምህር፣ እውነትዎን ነው። እኔ ለዚሁ ብቻ የተተወ አሮጌ ላፕቶፕ ስላለኝ ነው። አንድ ላፕቶፕ ብቻ ላለው ሰው አልመክርም። እንደዚያ ከሆነ ኤምኤክስ4ሲዮ የሚባለውን ማስገቢያ ብታገኝ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው የሚሞሪ ቀዳዳ ላይ ይሰካና የስልክ ሚሞሪ ይቀበላል፣ ከዩኤስቢውም ይፈጥናል። እዚህ ገበያ ላይ ግን አላየሁትም፤ ከጂዳ ወንድሟ ቢልክላት ነው።

---

ሐረጎ_ቁልቁል | ኮምቦልቻ | እሑድ፣ ምሽት 3፡10

እንግዲህ በፍላሽ ከጀመረች የሚያስቸግሯትን ልንገራት።

አንደኛ፣ ፍላሹን ፋት32 አድርጊው። ዲቪዲ የሚል ፎልደር ፍጠሪ፣ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት፤ የዲቪዲ ጌሞች እዚያ፣ የታችኛው ገጻቸው ሰማያዊ የሆኑት ሲዲዎች ደግሞ ሲዲ በሚለው ውስጥ። የፎልደሩ ስም ከተሳሳተ ወይም ጌሙ የትም ከተጣለ ኦፒኤል አያገኘውም።

ሁለተኛ፣ ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ጎድ ኦፍ ዋር 2 ካለሽ ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ ስለሆነ አይገባም። ዩኤስቢዩቲል የሚባለው ፕሮግራም አንድ አንድ ጊጋ አድርጎ ይቆራርጠዋል፤ ወይም አዲሱን ኦፒኤል ከጫንሽ ኤክስፋት የሚባለውን ሌላ ፎርማት ያነባል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኦፒኤል ጌሙ ፍላሹ ላይ ሳይቆራረጥ ተያይዞ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። ፍላሽ ላይ እየሰረዙ እየጨመሩ ሲቆዩ አዲሱ ፋይል ባገኘው ክፍት ቦታ ተበታትኖ ይቀመጣል፤ ያኔ ጌሙ ይታያል ግን አይከፈትም፣ ወይም መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ብዙ ጊዜ «ጌሙ ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው ምንም ያልሆነ ፋይል ነው። መፍትሔው ፍላሹን ፎርማት አድርጎ ጌሞቹን አንድ በአንድ መገልበጥ ነው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አትጀምሪ። ፍላሹ ማጫወቻ ብቻ ይሁን። ዋናው ቅጂ ሌላ ቦታ ካለ ፎርማት ማድረግ አያስፈራም።

አራተኛ፣ ያንን ፍላሽ ኢንተርኔት ቤት ወይም ፊልም መጫኛ ቤት አትውሰጂው። ሾርትከት ቫይረስ ፎልደሮቹን ይደብቅና በቦታቸው ሐሰተኛ አቋራጭ ያስቀምጣል። ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ግን ማሽኑ አያየውም።

---

የሐይቅ_ዓሣ | ሐይቅ | እሑድ፣ ምሽት 3፡25

እኔ ደግሞ መብራቱ ነው የሚያሳስበኝ። ሴቭ እያደረገ ሳለ ቢሄድስ?

---

ሐረጎ_ቁልቁል | ኮምቦልቻ | እሑድ፣ ምሽት 3፡40

ካርድ በብዛት የሚበላሸው በዚያ ነው ወንድሜ። ማሽኑ ሴቭ ሲያደርግ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ፋይሉ የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫም ይጽፋል፤ በዚያች ሰከንድ መብራት ከሄደ አንዱ ሴቭ ብቻ ሳይሆን ካርዱ በሙሉ ሊሳከር ይችላል። ስታቢላይዘር ለዚህ አይጠቅምም፣ እርሱ ኃይሉን ያስተካክላል እንጂ አያከማችም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) ያለው ይሰካ። የሌለው ደግሞ ከዋናው ካርድ ይልቅ ቪኤምሲ ይጠቀም፤ ኦፒኤል ፍላሹ ላይ 8 ሜጋባይት የሆነ አንድ ፋይል ፈጥሮ ልክ እንደ ሚሞሪ ካርድ ይሠራበታል። ልጆቹ የሚጫወቱት በዚያ፣ ዋናው ካርድ መሳቢያ ውስጥ። መብራት ሄዶ ቢበላሽ ከላፕቶፕ ላይ ያንን አንድ ፋይል መልሶ መገልበጥ ነው።

---

የቧንቧውሃ_ልጅ | ደሴ | ረቡዕ፣ ምሽት 2፡20

ካርዱ ደርሶኛል ሐረጎ፣ አላህ እጅህን ይባርከው። ዩላንችን ከፍቼ መምህር እንዳሉት በአር1 ሁለቱንም ሴቮች ወደ ፍላሽ አወጣሁ። ሲዲዎቹንም ጀምሬያለሁ፤ ጥቂቶቹ በዝቅተኛ ፍጥነት እንኳ ስህተት ያሳያሉ።

አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የሴቩ ቀን ላይ 2000 ዓመተ ምሕረት ይላል። በፈረንጅ ማለት ነው። ወንድሜ ያኔ ልጅ ነበር፣ ጌሙም አልወጣም። ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው?

---

መምህር_ወልዲያ | ወልዲያ | ረቡዕ፣ ምሽት 3፡00

አልተበላሸም። የማሽኑ የሰዓት ባትሪ አልቋል። ውስጡ ልክ እንደ ኮምፒውተር ሲአር2032 የሚባል ክብ ባትሪ አለ፤ ሲያልቅ ሰዓቱ ማሽኑ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ ሴቮቹም የተሳሳተ ቀን ይዘው ይጻፋሉ። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ሲኖርሽ የቱ አዲስ እንደሆነ ለማወቅ የፋይሉን ቀን አትመኚ።

የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ራስሽ ጻፊ፤ ዓመቱን ቀድመሽ፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን። እንዲህ ከሆነ በስም ሲደረደር በጊዜ ይደረደራል። በእኛ አቆጣጠር ወይም በፈረንጅ፣ የቱም ይሁን፣ ብቻ አንዱን ይዘሽ ቀጥዪ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ የሰባት የስምንት ዓመት ልዩነት አለና ማንም አይለየውም። «አዲስ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» የሚባሉ ስሞች ከዓመት በኋላ ትርጉም የላቸውም። አሮጌውን ቅጂ በአዲሱ ላይ አትደርቢ፤ ሴቭ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ቢቀመጥ ቦታ አይወስድም። ዛሬ የተበላሸ ሴቭ ትናንት በወጣው ጤነኛ ላይ ከተደረበ ሁለቱንም አጣሽ።

ከጎኑ አንድ የጽሑፍ ፋይል አድርጊ። የቱ ሴቭ የማን እንደሆነ፣ የየትኛው ጌም፣ የጌሙ ሲዲ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን እንደሆነ በአማርኛ ጻፊበት። የአውሮፓው ሲዲ ሴቭ በአሜሪካው ሲዲ ላይ በአብዛኛው አይሠራም፤ ቁጥሩን ካልያዝሽ ያን ጊዜ ትደክሚያለሽ።

ለተቧጨሩት ሲዲዎች፦ ያወጣሽው አይኤስኦ ሙሉ መሆኑን በመጫወት ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ጉድለቱ ልጆቹ ገና ያልደረሱበት ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል። የፋይሉን ኤምዲ5 (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ቁጥር) አውጪና ሪደምፕ የሚባለው የሲዲ መዝገብ ላይ ካለው ጋር አመሳክሪ። አንድ ቢት ቢለያይ ቁጥሩ ፈጽሞ ይለያያል። ከገጠመ ያ ሲዲ ለዘላለም ዳነ በይ። ካልገጠመ ሌላ ዲቪዲ ማንበቢያ ላይ ሞክሪ፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነበዋል።

---

ከሚሴ_ማታ | ከሚሴ | ረቡዕ፣ ምሽት 3፡35

እህቴ፣ ከከተማ ውጪ ያልኩሽን አትርሺ። ያወጣሽውን ሴቭ በቴሌግራም ለወንድምሽ ላኪለት፤ ትንሽ ፋይል ስለሆነ የስልክ ካርድም አይበላም። ለራስሽም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ አስቀምጪ። በእሱ ብቻ ግን አትመኪ፤ እዚህ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሳምንታት እንደሚጠፋ ታውቂዋለሽ። ፍላሽም፣ ላፕቶፕም፣ ጂዳም ይኑር።

---

የቧንቧውሃ_ልጅ | ደሴ | ሐሙስ፣ ምሽት 4፡10

ላክሁለት። ሌሊቱን ፒሲኤስኤክስ2 በሚባለው፣ ፕሌስቴሽን 2ን በኮምፒውተር በሚያስመስለው ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ከፍቶታል። የራሱን ማሽን ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ የሚነሳበትን መሠረታዊ ፕሮግራም) እንዳወጣለት ስለጠየቀኝ ሐረጎ በስልክ እየመራኝ በፍላሽ አውጥቼ ላክሁለት። ማይኤምሲ በሚባለው ፕሮግራም ሴቩን አስገብቶ ቡድኑን ሲያየው ድምፁን ልኮልኛል፤ የተጫዋቾቹን ስም እየጠራ ነው። አንዱ ተከላካይ ፀጉሩ እንደማይመስል አይቶ አስተካክሎ መልሶ ልኮታል፤ እኔም አሮጌውን ሳልነካ አዲሱን በቀኑ ስም አስቀምጬዋለሁ። አሁን እሱ እዚያ ያስተካክላል፣ ልጆቹ እዚህ ይጫወታሉ።

የተቧጨሩት ሁለት ሲዲዎች ኤምዲ5ው አልገጠመም። ሌላ ማንበቢያ ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ያለው ዘመድ ጋ አለ፤ ቅዳሜ እሞክራለሁ።

---

የሐይቅ_ዓሣ | ሐይቅ | ዓርብ፣ ጠዋት 3፡15

ይህን ሁሉ አንብቤ እኔም ልጀምር ነው። የኔ ግን 90004 ነው፤ ፍሪ ማክቡት አይቀበልም ይላሉ። እውነት ነው?

---

ሐረጎ_ቁልቁል | ኮምቦልቻ | ዓርብ፣ ጠዋት 3፡50

ሁሉም 90004 አይደለም። መጀመሪያ የወጡት ይቀበላሉ፤ ባዮሱ 2.30 የሆነው የኋለኛው ግን አይቀበልም። ለእሱ ኦፕንቱና የሚባል አለ፤ እሱም ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ብራውዘሩ ካርዱን ሲከፍት ይነሳል። ሁለቱንም በአንድ ካርድ ጭኜ እሰጥሃለሁ። ሰኞ ለዕቃ ደሴ እወጣለሁ፤ ካርድህን ይዘህ ና፣ ማሽኑን መሸከም አያስፈልግም። ከመምጣትህ በፊት ግን አሁን ያለህን ሴቭ በብራውዘሩ ሌላ ካርድ ላይ ገልብጥ፤ የምትሰጠኝ ካርድ ባዶ ይሁን።